ፎቶ የሌለው በሬ

እኔ ሳላውቀው የሚያልፍ ነገር አልወድም። ባለቤቴ “አንቺ እኮ የጎረቤት ድስት ከፍተሽ ካላየሽ እንቅልፍ አይወስድሽም” ይለኛል፤ እውነቱን ነው። የወልድያና የሀብሩ ሰዎች በኢንተርኔት የሚገናኙበት ትልቅ ግሩፕ አለ፤ አድሚን ሁኚ ሲሉኝ ዓይኔን ሳላሽ እሺ አልሁ።

አባል የጻፈው ሁሉ መጀመሪያ ወደ እኔ ይመጣል። ካጸደቅሁት ይወጣል፣ ካልወደድሁት እዚያው ይቀራል። ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የፎቶ ኮፒ ቤቴ ተቀምጬ የሰው ጉዳይ ሳነብ እውላለሁ። የሚከራይ ቤት፣ የጠፋ መታወቂያ፣ መርሳ ላይ ባጃጅ ውስጥ የተረሳ ጫማ፣ ያውም ግራው ብቻ! ሰውዬው በአንድ እግሩ ነው የወረደው? እስካሁን አልገባኝም።

ሕግም አለን፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፎቶ የሌለው የጠፋ ነገር ማስታወቂያ አይጸድቅም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ የውርጌሳ መምህር “በሬ አግኝቻለሁ፤ ባለቤቱ ይምጣና ይውሰድ” ብሎ ላከ። ሦስት ፎቶ አለው፤ ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ቦቃ፣ የተሰነጠቀው ግራ ጆሮው፣ ጫፉ የተሰበረው ቀንዱ። አይ ጎበዝ! ማስታወቂያ ማለት እንዲህ ነው እንጂ፣ ብዬ አጸደቅሁት። ከዚያማ ባለቤቱ ማን ይሆን እያልሁ ደንበኛ እስክረሳ ድረስ ስልኬ ላይ አፈጠጥሁ።

እስከ ምሳ ሰዓት አራት ባለቤት ተገኘ። አራቱም ቦቃውን፣ ጆሮውን፣ ቀንዱን አንድ ሳያስቀሩ ይናገራሉ። መምህሩ ደወለ። “ምን ዓይነት ጉድ ውስጥ ነው የከተትሽኝ እህቴ? ለየትኛው ልስጥ?”

አባቴ ሱቄ ውስጥ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

“ምልክቱን አሳያችኋቸው?” አሉኝ።

“አዎ፣ በፎቶ።”

“ወይ የዘንድሮ ልጆች! ከብት ያገኘ ሰው ምልክቱን ይዞ ዝም ነው። ምልክት የሚናገረው የኔ ነው ያለው ነው። እናንተ ሌባ ጠርታችሁ አስጠናችሁት!”

አፈርሁ። ይህን እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው ያደግሁት፤ ስልክ ስይዝ የት እንደገባብኝ እንጃ።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝና የከለከልኋቸውን ጽሑፎች ወደ ኋላ መፈለግ ጀመርሁ። አገኘሁት። ከአምስት ቀን በፊት ከመርሳ ወዲያ ካለ ቀበሌ አንዲት ሴት ጽፋለች። “የእናቴ በሬ ጠፋ። ያለን እሱ ብቻ ነው፤ ከጎረቤታችን በሬ ጋር አቀናጅተን ነው የምናርሰው። ጎረቤታችን እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ግን ከሌላ ሰው ጋር እጠምዳለሁ ብሎናል።” ፎቶ የለውም። ይህን ሳነብ ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ለቅዳሜ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ደወልሁ፤ እናትየው ራሳቸው አነሱት። ምልክቱን ጠየቅኋቸው።

“ልጄ፣ ምልክቱንማ አገር አየው አሉ፤ እኔ ምን ጨምሬ ልታመን? ድምፄን ግን ያውቃል ወላሂ። ጨው ላልሰው ስል እጠራዋለሁ።”

በሬ በስልክ ድምፅ ይለያል? እውነት ለመናገር አዘንሁም ጓጓሁም። አምስቱም በሬያቸውን ሲጠሩ ድምፃቸውን ቀድተው እንዲልኩ ጻፍሁ። ሁለቱ ወዲያው ድምፃቸው ጠፋ። አንዱ “የእኔዋ እንኳ ላም ሳትሆን አትቀርም” አለ፤ ጉድ እኮ ነው! አንዱ ግን ላከ። መምህሩ ስልኩን በሬው ጆሮ አጠገብ ይዞ ሲያሰማው እኔና አባቴ አንድ ተማሪው በሌላ ስልክ በሚያሳየን ቪዲዮ እናያለን። በሬው ገለባውን ያላምጣል።

የእናትየው ተራ ደረሰ። “ና እንጂ የኔ ጌታ፣ ና፣ ና፣ ና” ይላሉ፤ ሌላ ቃል የለውም። በሬው ማላመጡን አቆመ። ጆሮዎቹን አዞረ፣ የተሰነጠቀውንም ጭምር። ከዚያ ተጠጋና የመምህሩን ስልክ ላሰው። ጨዉን እየፈለገ ነበር።

“በቃ፣ ፍርዱ አለቀ” አሉ አባቴ። እኔ አለቀስሁ።

ዓርብ ወሰዱት፤ ቅዳሜ ተጠመደ። እሑድ እናትየው ደወሉልኝና መረቁኝ፣ መረቁኝ፤ ምርቃቱ በዛብኝ።

“ልጄ እኮ ቀድማ ጽፋልሽ ነበር” አሉ። “አልደረሰሽም እንዴ?”

አልደረሰኝም ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

“ደርሶኛል፣ እናቴ። እኔ ነኝ የከለከልሁት። ፎቶ የለውም ብዬ።”

ስልኩን ይዘጉብኛል ስል ሳቃቸው መጣ። “አይ ልጄ! በሬው ሳይጠፋበት ፎቶ የሚያነሳ ማን አለ?”

ሕጉን ያኔውኑ ሰረዝሁት። በሳምንቱ ሊጸድቅ ከሚጠባበቀው መሃል ከልጃቸው የተላከ ፎቶ አገኘሁ። በሬው ከጎረቤቱ በሬ ጋር ተጠምዶ ቆሟል፤ እናትየው አንገቱን ይዘዋል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ “ምንም አልጠፋብንም። ለሌላ ጊዜ እንዳትከለክሉን ነው።”