አቧራ ይታጠባል

ሰፈርተኛው «ተኳሿ» ይላታል። ጠመንጃ ነክታ አታውቅም፤ የምትተኩሰው ሸሚዝ ነው። በአንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ጓዳ፣ እንፋሎቱ ፊቷን እየገረፋት፣ የሰው ኮሌታና እጅጌ ስታቃና ወጣትነቷ አለቀ። ቤቱ አንድ ቬንትሌተር አለው፤ እሱም ፊቱን ያዞረው ወደ ደንበኛው ነው። ማታ ደረጃውን እየተደገፈች ወጥታ ቤቷ ስትገባ ወገቧ እንኳን ለጨዋታ ለእንቅልፍም አይመቻትም።

አንድ ልጅ አላት። ሥራ አገኘና ሩቅ ከተማ ገባ። በሄደ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ይደውል ነበር፤ ኋላ ስልኩ እንደ በጋ ዝናብ ሆነ። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፣ ሥራ በዝቶበት ነው፤ እናት መቼም ለልጇ ሰበብ አታጣም። በቅርቡ ግን አዲስ የተከራየው ቤት እንስሳ አያስገባም ተባለና ቺንቺላውን ከነሽቦ ቤቱ ተሸክሞ አምጥቶ እሷ ዘንድ አኖረው። ቺንቺላ ማለት ከአይጥ የገዘፈ፣ ከጥንቸል ያነሰ፣ ጸጉሩ እንደተባዘተ ጥጥ የለሰለሰ፣ ጆሮው ክብ የሆነ ፍጥረት ነው። ጎረቤት «ተኳሿ አይጥ መቀለብ ጀመረች» ብሎ ሳቀባት። እሷ ረጅም ጢሙን አየችና «ጋሼ» ብላ ጠራችው።

ከዚያ ወዲህ ልጇ በየእሁዱ ይደውላል። «እማ፣ እንዴት ነው? በላ? ጠጣ?» ይላታል። ስለሷ አይጠይቅም። ይሁን፣ ድምፁን ሰማች። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አለች በሆዷ። ሞኝ አይደለችም፤ ስልኩ የሚጮኸው ለጋሼ መሆኑን ታውቃለች። ጋሼ ከሞተ ስልኩም አብሮት ይሞታል። ይህን ካሰበች ጀምሮ ከሥራ ስትወጣ ለራሷ ዳቦ ሳትገዛ ለእሱ የሣር ድርቆሽ ፍለጋ ትዞራለች።

አንድ እሁድ ልጅየው ቸኩሎ ነበር። «እማ፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ አቧራ ይታጠባል፣ እንዳትረሺ» ብሎ ዘጋው።

አቧራ ይታጠባል። ዕድሜዋን ቆሻሻ ሲታጠብ እያየች ለኖረች ሴት ይህ ምን ትርጓሜ ያስፈልገዋል? በማግስቱ የእረፍት ቀኗ ነበርና በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ቀዳች፤ ሳሙናውንም አረፋ አስደፈቀችው። ጋሼ ሊያመልጣት ሲል ጀርባውን ጨበጥ አድርጋ ያዘችው፤ ጭብጥ ሙሉ ጸጉር እጇ ላይ ቀረ። ደነገጠች፤ ግን አንዴ ጀምራለች። አጠበችው፣ አለቀለቀችው፣ በፎጣ ጠቀለለችው። ከዚያም እርጥብ ነገር በሙቀት ይደርቃል፣ ይህንን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ምድጃውን ለኩሳ አጠገቡ አስቀመጠችው። ጋሼ ግን አልደረቀም። ጆሮው በርበሬ መሰለ፣ በጎኑ ተዘረረ፣ ያለከልክ ጀመር።

በቅርጫት ይዛው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ስትደርስ እሷም እያለከለከች ነበር። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጋሼን ተቀብላ ቀዝቀዝ ያለ ጠረጴዛ ላይ አጋደመችውና ጸጉሩን እየገለጠች አየችው።

«ውኃ ነክቶታል?»

«አጠብኩት።»

«በምን?»

«በሳሙና።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «እናቴ፣ ይኼ እንስሳ ውኃ አይነካውም። ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እርጥበት ከገባበት ቶሎ አይወጣለትም፣ ቆዳው ይሻግታል። የሚታጠበው በአቧራ ነው። ለእሱ ተብሎ የሚሸጥ ደቃቅ አቧራ አለ፤ በሳህን ሲያደርጉለት ራሱ ይንከባለልበታል፣ ከዚያ ሳህኑን ያነሱታል።»

«አቧራ ይታጠባል» አለች ተኳሿ ቀስ ብላ። «ልጄ እንዲህ ነበር ያለኝ።»

«ልክ ነበር ያለዎት። ሲይዙትም ከሥር ይደግፉት። ጸጉሩን ከጨበጡት ለእርስዎ ጥሎልዎት ይሄዳል።»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ በሴትዮዋ ሁለቱም በአንድ ቀን ደረሱባት።

«ከሁሉ የከፋው ሙቀቱ ነው» አለች ሐኪሟ። «እንደ እኛ አያልበውም። ከሃያ አምስት ዲግሪ ካለፈ ሊሞት ይችላል። ጆሮው ሲቀላ ካዩ ቶሎ ያቀዝቅዙት።» ተኳሿ ቀና ብላ አየቻት። በእንፋሎት ውስጥ ስታረጅ፣ ሙቀት ይገድላል የሚል ሰው ገጥሟት አያውቅም።

ጋሼ ተረፈ። ቤቷ ፀሐይ የማይገባበት አንድ ክፍል ብቻ አለው፣ መኝታ ቤቷ፤ እሱን ለጋሼ ለቀቀችለት። ፍራሿን ጎትታ ቆርቆሮው ሥር ያለው ኩሽና አነጠፈች። እንዳያኝከው የኤሌክትሪክ ሽቦውን ሁሉ ነቅላ ሰበሰበች፤ ለጥርሱ የሚሆን እንጨት አስገባችለት። የሚወደውን ዘቢብ ከለከለችው፣ ሆዱን ይጎዳዋል ተብላለችና፤ ጋሼም ጀርባውን ሰጥቶ አኮረፋት። ግድግዳው ላይ ቴርሞሜትር ሰቀለች። ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ እሱን ታያለች።

እሁድ ስልኩ ጠራ። መደበቅ ትችል ነበር፤ ጋሼ እንደሆነ አይናገር። ግን መደበቅም ጉልበት ይጠይቃል።

«ልጄ፣ ጋሼን ልገድለው ነበር» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው። ሁሉንም ነገረችው። አሁን ይዘጋዋል ብላ ጠበቀች።

«እማ፣ አቧራ ይታጠባል አልኩሽ እኮ።»

«አጠብኩታ፣ አቧራውን።»

ሊስቅ ጀመረና ተወው። «አሁን የት አደረግሽው?»

«መኝታ ቤት። ሃያ ሁለት ዲግሪ ነው፤ አሁን አይቼ ነው የመጣሁት።»

«አንቺስ የት ነው የምትተኚው?»

«ኩሽና።»

«እሱስ ስንት ዲግሪ ነው?»

«የኩሽናውን ማን ለክቶት።»

«ዛሬ ምን በላሽ?» አላት።

«ድርቆሽ» አለችው ከአፉ ነጥቃ። «ውኃውንም ቀይሬለታለሁ።»

«አንቺን ነው የምጠይቅሽ፣ እማ። አንቺን።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። የሆነ ነገር በልቻለሁ ልትለው አፏን ከፈተች፤ ምንም አልቀመሰችም ነበር።

«ደክሞኛል፣ ልጄ» አለችው።