«ቤተ ልሔም ገብቷል»

ከተፈጥሮዬ ደንጋጣ ነኝ፤ በር ሲንኳኳ እንኳ ከመቀመጫዬ እዘላለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ አስቀምጠው የዘር ስርጭት ኃላፊ አደረጉት። ሥራዬ ምርጥ ዘር በየወረዳው ላሉ ወኪሎች በአደራ መላክ ነው፤ ወኪሉ እስኪሸጠው ድረስ ዘሩ የእኛ ነው። የት እንደደረሰ በኮምፒውተር እከታተላለሁ። ወኪሉ መረከቡን በስልኩ ሲያረጋግጥ መስመሩ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ ካላየሁ ምሳ አይበላልኝም።

በዚያ ክረምት ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም በሚባል ቦታ ላለው ወኪላችን አንድ ኩንታል ስንዴ ላክሁ። ተባይ እንዳይነካው በመርዝ የታሸ፣ ቀይ ቀለም ያለው ዘር ነው። በተራ የማዳበሪያ ጆንያ አስሞልቼ ወረቀቱን ያተምሁት ራሴ ነኝ፦ «ስንዴ። አደራ። ቤተ ልሔም።» መርዝ የሚለው ቃል ገበሬውን ያስፈራዋል ብዬ ተውሁት። ፈሪ ሁሉንም እንደ ራሱ ያያል።

ዓርብ ከሰዓት መስመሩ አረንጓዴ ሆነ። ማስታወሻው «ቤተ ልሔም ገብቷል» ይላል። ወዲያው ግን የቤተ ልሔሙ ወኪል ደወለና «ኧረ ዘሩ የት ቀረ?» አለኝ።

ደግሜ ሳየው ያረጋገጡት ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የወገዳ ከተማ ወኪላችን ናቸው፤ ሽማግሌ ነጋዴ። ደወልሁላቸው።

«ጋሼ፣ የጋይንቱ ስንዴ እርስዎ ዘንድ ነው?»

«መኪናው ጭቃውን ማለፍ ቢያቅተው እኔ ዘንድ ጥሎት ተመለሰ። አደራ፣ ቤተ ልሔም ይላል። የሰው ስለት ነው ብዬ ትናንት ለቤተ ክርስቲያኑ አገባሁት፤ ለመገበሪያ እንዲሆን።»

የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ቤትም እኮ ስሙ ቤተ ልሔም ነው! እንደ እኔ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያደገ ሰው ይህ እንዴት ይጠፋዋል? እናቴ የምትቆርበው እዚያው ወገዳ ነው። ከእሷ በፊት ደግሞ ሕፃናቱ ይቀበላሉ።

«መርዝ ነው ጋሼ! መርዝ ነው!» ብዬ ጮህሁ።

ስልኩን ሳይዘጉት ሮጡ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ ጭቃው ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ መሐሉ ጠፋኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ስንዴውን የሚያሰናዱት መነኩሲት ስልኩን ተቀበሏቸው።

«አልፈጨሁትም ልጄ። ቀዩ አልለቅ ቢለኝ ሦስት ጊዜ አጥቤ አሰጣሁት። ምነው፣ ክፉ ነገር አለው?»

«መርዝ አለው እማሆይ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ማንም እንዳይነካው።»

እማሆይም «እጣቢውን ለጥጃዬ አጠጣኋት» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥጃዋ ሞታ ተገኘች። እሑድ በሌላ ስንዴ በተጋገረ ኅብስት እናቴም ሕፃናቱም ቆረቡ። እኔ ወገዳ ድረስ ሄጄ እማሆይ ደጅ ላይ ብቆምም፣ ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፌ አልከፈት አለኝ።