ካደኝ የሚባል ውሻ ነበረን

ልጅ ሆኜ በኖርኩበት የስማዳ መንደር፣ ቡችላ ወደ ቤት ከመምጣቱ በፊት ስሙ ይመጣ ነበር። ያኔ ሰው ለልጁ ስም ሲያወጣ የሚመኘውን ይናገራል፤ ለውሻው ሲያወጣ ግን ለጎረቤቱ ፊት ለፊት ሊለው ያልቻለውን ነበር የሚናገረው። የውሻ ስም ጠዋትና ማታ በጩኸት ስለሚጠራ፣ የታሰበለት ሰው ሳይወድ በግዱ ይሰማዋል። «ሰደብከኝ» ብሎ ግን መክሰስ አይችልም፤ የተጠራው ውሻ ነዋ።

ይህን ያስታወስኩት ሰሞኑን ለልጄ ለቤዛ ቡችላ ልናመጣ ንፋስ መውጫ ከተማ ያለውን ቤታችንን ስናዘጋጅ ነው። የውጭውን በር ሥር በቆርቆሮ ደፈንኩ፤ መሬት ላይ የተጋደመውን የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፤ ጫማዎቻችንን ከአልጋ ሥር ለቃቅሜ ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጥኩ። ቤዛ አሮጌ ሹራቧን ካርቶን ውስጥ አነጠፈች። «ስሙን ግን ለእኔ ተዪልኝ» አልኳት። ስሙ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተዘጋጅቶ የቆየ ነው፤ «ነጠቀኝ»።

የነጠቀኝ ጓደኛዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ ከክፍላችን አንደኛ ነበርኩ፤ እዚያው መምህር ሆኜ እንድቀር ስሜ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በሳምንቱ ያ ወረቀት ተነሥቶ ሌላ ተለጠፈ። በእኔ ስም ቦታ አራት ዓመት አንድ ክፍል አብሮኝ ያደረ፣ ከአንድ ትሪ አብሮኝ የበላ ሰው ስም ነበረበት። አስተዳደሩ ውስጥ ዘመድ እንደነበረው በኋላ ሰማሁ። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ሊሰናበተኝ እንኳ አልመጣም። ዛሬ እሱ ዶክተር ተብሎ ያስተምራል፤ እኔ የሰው ማመልከቻ እየተቀበልኩ ፋይል ውስጥ አስገባለሁ።

አያቴ አያ ደሴም የራሳቸው በደል ነበረባቸው። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ አጭደው የከመሩትን ገብስ የአያ ፈንቴ በሬዎች አጥር ሰብረው ገብተው የበሉትን በልተው የቀረውን ረጋገጡት። አያ ፈንቴ ከሸለቆው ማዶ የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ከደጃፍ ደጃፍ ሆነን ብንጠራራ የምንሰማማ። ሽማግሌ ፊት ቀርበው ሲጠየቁ «በሬዎቼ ከበረት አልወጡም» ብለው ማሉ። መሐላ ከወጣ በኋላ ነገር የለም፤ አያቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ቤት መጡ። በማግስቱ ወገዳ ከተማ ካለ ዘመዳቸው ቡችላ እንዲላክላቸው አስነገሩ።

ከዚያ ቤቱን ማዘጋጀት ያዙ። ከጎተራው ሥር ገለባ አነጠፉ። የተሰበረ ገንቦ ቂጥ ለውሃ መጠጫው አስቀመጡ። የአጥሩን ሽንቁር በቀጋ እሾህ ደፈኑ፤ ጫጩት ያላት ዶሮም የቡችላውን ዓይን እንዳታጠፋ ማታ ማታ የምትዘጋበትን ጥግ በሳንቃ አጠሩ። አንድ ሰው «ተናካሽ እንዲሆን ጆሮውን ቁረጠው» ቢላቸው፣ «ጆሮውንማ እፈልገዋለሁ! ስሙን በምን ሊሰማ ነው?» ብለው ሳቁ።

ቡችላውን በምንጠብቅባቸው ምሽቶች እሳት ዳር አስቀምጠው ተረት ይነግሩኝ ነበር። የኩበቱ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ኩራዟ ግድግዳው ላይ ጥላቸውን አንዴ እያረዘመች አንዴ እያሳጠረች፣ ፍሙ አመድ ሲለብስ በጭራሮ እየቆሰቆሱ የነገሩኝን ያኔ ሙሉ በሙሉ አምኜዋለሁ። ውሻ ድሮ ቤት አልነበረውም አሉኝ። ነብር ዘንድ አደረ፤ ነብር «አንተ» ይለው ነበር። ጅብ ዘንድ አደረ፤ ጅብ በነጋ ቁጥር «ማነህ?» ይለው ነበር። በመጨረሻ ሰው ደጃፍ ደረሰ። ሰውዬው እርፍ እየጠረበ ስለነበር ቀና ሳይል በስም ጠራው፤ ውሻውም ደጃፉ ላይ ተጋደመ፤ እስከ ዛሬ አልተነሣም።

«ስሙ ማን ነበር አባባ?»

«እሱን ውሻው ያውቀዋል፤ አንተ ተኛ።»

ቡችላው መጣ፤ ስሙ «ካደኝ» ሆነ። ማለዳ ማለዳ አያቴ ሸለቆው አፋፍ ላይ ይቆሙና «ካደኝ! ና፣ ካደኝ!» ይላሉ፤ ውሻው እግራቸው ሥር ተኝቶ። ማዶ በሬ የሚጠምዱት አያ ፈንቴ ጀርባቸውን ያዞራሉ። አንድ ቀን ግን መሯቸው ጮኹ።

«አያ ደሴ! ውሻህ እኮ እግርህ ሥር ነው!»

«ጆሮው ከብዶት ነው!» አሉ አያቴ። ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሴት አያቴ ሲሞቱ መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ አያ ፈንቴ ነበሩ፤ ከአያ ደሴ ጋር ግን አልተነጋገሩም። ከአርባው በኋላ ግን አያ ፈንቴ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው፣ የንስሐ አባታቸውንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትለው ደጃችን ላይ ቆሙ።

«በሬዎቼ ነበሩ» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ልጆቼ ፊት ሌባ ላለመባል ማልኩ። የገብሱን እክሳለሁ። ስሙን ግን ተውልኝ፤ ልጆቼ እሱን እየሰሙ ነው ያደጉት።»

አያቴ ወደ እሳቸው ቀረቡ። ከዚያ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱላቸውና መስቀሉን ስመው ማሉ፤ ያ ስም ዳግመኛ ከእሳቸውም ከቤተሰባቸውም አፍ ላይወጣ።

ማንም ያላሰበው ውሻውን ነበር። «ታረቅን» የሚል አዲስ ስም ወጣለት፤ ውሻው ግን ይህ ስም የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ቀና ብሎም አያይም። አያቴ አፋፉ ላይ ቆመው አፋቸውን ከፍተው መልሰው ሲዘጉት ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ሸለቆውን ሞላው። ውሻው አንድ ነገር አባሮ ወደ ገደሉ ወርዶ ነበር፤ ድምፁ ከታች ይሰማናል፤ መውጫው ጠፍቶት አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል። ከእሱ በታች ገደል እንጂ መሬት የለም። አያቴ አፏጩ። «ታረቅን! ታረቅን!» አሉ። የውሻው ጩኸት ይባስ እየራቀ ሄደ። እኔ አላስቻለኝም፤ «ካ…» ስል ጭስና ጠፍር የሚሸት መዳፋቸው አፌን ከደነው።

«ምያለሁ፣ ልጄ። ምያለሁ» አሉኝ።

ያኔ ነው ከማዶ ድምፅ የመጣው።

«ካደኝ! ና ካደኝ! ወዲህ ነው፣ ካደኝ!»

አያ ፈንቴ ነበሩ። እሳቸው ስሙን ላለመጥራት አልማሉማ። ቀጥሎ ልጆቻቸው ተቀበሏቸው፤ ሲያፍሩበት ያደጉትን ስም አምስቱም በአንድ ላይ እየጮኹ ጭጋጉን ሞሉት። የውሻው ድምፅ ቆመ፤ ከዚያ እየቀረበ መጣ፤ ወደ እነሱ።

አያ ፈንቴ በገመድ ይዘውት ሸለቆውን ተሻግረው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መጡ። ገመዱን ለአያቴ ሲያቀብሉ፣ «አንተ ተወው፣ እኔ እጠራልሃለሁ» አሉ። አያቴ መሳቅ ጀምረው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ውሻችን እስኪሞት ድረስ፣ በመሸ ቁጥር ወደ ቤቱ የሚጠራው ከማዶ ነበር።

ይህን ለቤዛ ነገርኳት፤ ካርቶኑ አጠገብ ቁጭ ብለን። ሳቀች። ከዚያ «ሰውዬው ባይጠራውስ ኖሮ?» አለችኝ።

ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ሹራብ አስተካከልኩላት። የኔ ፈንቴ፣ ያ ጓደኛዬ፣ ከሸለቆ ማዶ አይኖርም። እዚህ መንገድ ዳር ቆሜ «ነጠቀኝ!» ብዬ ብጮህ የሚሰማኝ ባጃጅ ነጂ ነው፤ እሱም ዞር ብሎ አይቶኝ ይሄዳል። እየሰማችው የምታድገው ልጄ ብቻ ናት።

ቅዳሜ ቡችላው መጣ፤ ጠጉሩ የደረቀ ነዶ የመሰለ፣ እግሮቹ ከሰውነቱ የሚበልጡ። ቤዛ አቅፋው «አባዬ፣ ስሙ ማነው?» አለች።

«አንቺ አውጪለት» አልኳት።

«ገብሴ» አለች፣ ሳታስብ።

ይቅር አላልኩም። ያ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ላይ ቢቆም ምን እንደምለው ዛሬም አላውቅም። ግን የንፋስ መውጫ ጭጋግ አመሻሹ ላይ ወርዶ ከበሩ ባሻገር ያለውን ሁሉ ሲውጠው፣ ሳላስበው እወጣና እቆማለሁ። ገብሴ እግሬ ሥር ተቀምጦ ወደማይታየው ማዶ ጆሮውን ይቀስራል፤ እኔም አብሬው።