ሳይቀጠፍ የቀረው አበባ

ሥራዋ አበባ መቅጠፍ ነው። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። እሷ የምትሠራበት ግሪንሃውስ ውስጥ ያለው ትምባሆ ማበብ የለበትም፤ እምቡጥ ባወጣ ቁጥር በጥፍሯ ቆርጣ ከረጢት ውስጥ ትከታለች። የሥራ ጓደኞቿ «የአበባ ጠላት» ይሏታል። በሠርግሽም ቀን እቅፍ አበባውን ገነጣጥለሽ ከረጢት ውስጥ ነው የምትከቺው እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች።

ትምባሆው የሚጨስ አይደለም። የሰው ሰውነት የሚሠራውን አንድ ፕሮቲን ቅጠሉ እንዲሠራ ተደርጎ የተለወጠ ነው። ቅጠሉ ይጨመቃል፣ ይጣራል፣ መድኃኒት ይሆናል። ያ ፕሮቲን የጎደላቸው ሰዎች አሉ፤ ታናሽ ወንድሟ አንዱ ነው። መድኃኒቱን ካጣ ሆዱ ይነፋል፣ አጥንቱ እንደታመመ ጥርስ ይጠዘጥዘዋል። ከሌላ ቦታ የሚመጣው ዋጋው አይቀመስም። የቅጠሉ ርካሽ ስለሆነ ግን እሱም እንደ ሰው ክሊኒክ እየሄደ በክንዱ ይንጠባጠብለታል። ይኸው ከአልጋ ተነስቶ ሰዓት መጠገን ጀምሯል።

አበባው የሚቀጠፈው ብናኙ ወጥቶ የገበሬ ትምባሆ ላይ እንዳያርፍና ዘሩን እንዳይበክል ነው። አንድ እንኳ ከፈነዳ እሱ የበቀለበት ክፍል ተክል በሙሉ ይቃጠላል። ሥራ የገባች ቀን መጀመሪያ የተነገራት ይኸው ነው።

አንድ ጠዋት ከማሞቂያው ቧንቧ ጀርባ ጎንበስ አለችና ክው ብላ ቀረች። አበባ። ፈንድቶ የሰነበተ፣ ጫፉ መጠውለግ የጀመረ። መደዳው የራሷ ነው። ከጎኑ ያለው፣ የአየር መስኮቱን የሸፈነው መረብ ደግሞ ጥጉ ላይ ተቀዷል፤ በቀዳዳው የጎረቤት የትምባሆ ማሳ ይታያል። ዞር ዞር ብላ አየች፤ ማንም የለም። ቀጠፈችና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

የክፍሉ ቅጠል ሊታጨድ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። የወንድሟም ቀጣይ መድኃኒት የሚወጣው ከዚሁ ነው። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ምሳ ላይ የዚያ ማሳ ሰዎች ፊት ድቅን አለባት፤ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ እጃቸውን አንስተው ሰላም የሚሏት፣ ስለዚህ ነገር ምንም የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ወዲያው ደግሞ ወንድሟ ትራስ ነክሶ ሲያቃስት ታያት። ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች። በኋላ እንዴት እንደሄደች እንጃ፣ ብቻ የኃላፊው በር ላይ ቆማ አበባውን የያዘ መዳፏን ዘረጋችለት። «መረቡም ተቀዷል» አለች።

ኃላፊው አልተቆጣትም። ተነስቶ ቀዳዳውን ራሱ ሄዶ አየ። ከዚያ የጎረቤቱ ማሳ እንዲመረመር ሰው ላከ፤ ክፍሉም እንዲነቀል አዘዘ። ሁሉም ተጠርቶ መንቀል ጀመረ። የዚያን ቀን የቀለደ ሰው የለም። እሷም ያን የመሰለ ለምለም ቅጠል በሁለት እጇ እያቀፈች ወደ ማቃጠያው ስታመላልስ ዋለች።

ከወንድሟ ጋር ክሊኒክ የሄዱ ቀን ነርሷ መድኃኒቱ እንደሌለ ነገረቻቸው። አንድ አበባ ሳይቀጠፍ ቀርቶ ተክሉ ተቃጥሏል አሉ፤ አዲሱ ተዘርቶ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። በመንገድ ላይ ወንድሟ ሆዱን በእጁ ደግፎ እየሄደ አበባውን ያሳለፈውን ሰው ይራገም ጀመር። ዓይኑን ምን ጋርዶት ነው አለ፣ እጁ ይሰበር አለ።

«እኔ ነኝ» አለችው። የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

ቆመ። «ያየሽ ሰው ነበር?»

«ማንም አላየኝም።»

«ታዲያ ምን አናገረሽ፣ እትዬ?»

«የማሳው ሰዎች...» ብላ ጀመረች።

«እኔስ ሰው አይደለሁም?» አላት፣ ቀስ ብሎ።

ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው፤ ሲያመው ትከሻዋን ተደግፎ ነው የሚወጣው። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ትከሻዋን አስጠጋችለት። እሱ ግድግዳውን ይዞ፣ እያረፈ፣ ብቻውን መውጣት ጀመረ። እሷም ቢወድቅ እይዘዋለሁ ብላ ሁለት እጇን እንደዘረጋች ከኋላው ተከተለችው።