በያጁና «ዓይን» የምትለዋ ቃል

ብየዳ ቤት ውስጥ አንዲት ቃል አለች። በያጁ እሳቱን ሊጭር ሲል «ዓይን!» ብሎ ይጮኻል፤ በአካባቢው ያለ ሁሉ ፊቱን አዙሮ ይጨፍናል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። በያጁ ሲጨርስ «ግለጡ» ይላል፣ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል።

አንድ በያጅ ይቺን ቃል ሃያ ዓመት ሲጮኻት ኖረ። ድምፁ ከመጎርነኑ የተነሣ «ቀጭኑ» የሚሉት የሥራ ባልደረባው፣ አንተ ስትጮህ እኔ ቀርቶ የጎረቤት ዶሮም ትጨፍናለች እያለ ያበሽቀው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ምሳቸውን ከአንድ ሳህን በልተዋል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ከባድ ምሰሶ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሳለ «ዓይን!» አለ። ቀጭኑ እንደ ልማዱ ዞሮ ጨፈነ። ሰንሰለቱ የተበጠሰው ያኔ ነው፤ ምሰሶው ቀጭኑን ገደለው። ዓይኑ ተገልጦ ቢሆን ኖሮ ዘሎ ያመልጥ ነበር። «ግለጡ» የሚለውም አልተባለም።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ቃሏን ከአፉ አላወጣትም፣ የሆነውንም ለማንም አልተነፈሰም። መጠጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ እንቅልፍ እንዲወስደው፣ ኋላ ጠዋት ከአልጋው ለመነሣትም። የበር መቀርቀሪያ እንደ ሰንሰለት ቅጭል ባለ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። ሥራውንም ተወ።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ፣ እትዬ የሚላት፣ ሁለት ቦታ ወሰደችው። መጠጥ የሚያስተዉት ሰዎች መጀመሪያ መጠጡን ተው፣ የድሮውን አሁን አትነካካ አሉት። የአእምሮ ሐኪሙ ደግሞ ሳትጠጣ ስትመጣ እንነጋገራለን አለው። ሳይጠጣ ከዋለ ምሰሶው ይወድቅበታል፣ ከጠጣ የሐኪሙ በር ይዘጋበታል።

ምስጢሩን ያወጣው የእትዬ ንዴት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት እየተንገዳገደ ሲገባ እሷ ድስት እያጠበች ነበርና ዞር እንኳ ሳትል፣ «ደግሞ ዓይንህን በጨው አጥበህ መጣህ?» አለችው። ሰውየው ጠረጴዛ ሥር ገባ። የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። ራሱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሲንቀጠቀጥ ስታይ ግን፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ እየተንፏቀቀች አጠገቡ ገባች። ሁሉንም የነገራት እዚያው ጠረጴዛ ሥር ነው። ከዚያ ወዲህ ቃሏ ከቤቱ ጠፋች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ «ዓይኔ» ትለው የነበረችው እህቱ ምላሷን እየነከሰች «ሆዴ» ማለት ጀመረች።

ሦስተኛው ቦታ አንድ ጤና ጣቢያ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። የአእምሮ ጤና ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ፍርሃቱም መጠጡም ተያይዘው የመጡ ስለሆነ አብረው ነው የሚታከሙት አለችው። መጠጡን በሐኪም ክትትል፣ በመድኃኒት ቀስ በቀስ ተወ። መጠጥ ባማረው ቁጥር ከዚያ በፊት ምን እንዳስፈራው እንዲነግራት፣ ሲጨንቀው እግሩ መሬት መርገጡን ልብ እንዲል አስለመደችው።

በዘጠነኛው ሳምንት የአደጋውን ታሪክ ተርኮ ቃሏን ጮክ ብሎ የሚናገርበት ቀን ደረሰ። ያን ዕለት ጠዋት አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ገዝቶ ኪሱ ከትቷል። ቃሏ እንቢ ካለችው ደረጃው ላይ እንደሚከፍታት ያውቀዋል። እየተረከላት ሰንሰለቱ ጋ ሲደርስ አቋረጠ።

«እግርዎ የት ነው?» አለችው።

«መሬት ላይ።»

«ከጣሪያው የተንጠለጠለውስ?»

ቀና ብሎ አየ። «አምፖል።»

«ቢወድቅስ?»

«ፀጉርሽን ያበላሸዋል» አለ።

እሷ ሳቀች፣ እሱ አልሳቀም። ስጮህ እንዳትጨፍኚ ብሎ ለመናት። አልጨፍንም አለችው። ኪሱ ውስጥ ያለችውን ጠርሙስ ጨብጦ፣ ራሱ ጨፍኖ «ዓይን!» አለ።

ምንም አልወደቀም። ሲገልጥ ባለሙያዋ ትክ ብላ እያየችው ነው።

ተነሥቶ በሩን ከፈተ። ኮሪደሩ ላይ ስትጠብቀው የነበረችው እትዬ ድምፁን ሰምታ ኖሮ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ጨፍናለች። ጠረጴዛ ሥር የነገራትን ሕግ አልረሳችም።

ቀጭኑም ያን ቀን እንዲሁ ነበር የቆመው። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ አፉ ውስጥ የቀረችውን ሌላዋን ቃል ፈለጋት።

«ግለጪ፣ እትዬ» አለ።

ገለጠች። «ዓይኔ» አለችው።

ፍርሃቱ ገና አልለቀቀውም። ጠርሙሷን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት፤ እሷም ምንም ሳትጠይቅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።