ሰሌዳው ላይ የቀረው ሦስት ማዕዘን

የተያዝኩት ሰሌዳ ሳላጠፋ በመውጣቴ ነው። እኛ ትምህርት ቤት ሰሌዳ የሚያጠፋው ቀጥሎ የሚገባው መምህር ነበር። ያን ቀን ቀጥሎ የገባው ግን ከጠመኔው በፊት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። ለማን እንደላከው ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በማግሥቱ ሁለት ሰዎች ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ወስደው መኪና ውስጥ ጨመሩኝ።

ሰሌዳው ላይ የነበረው የአሥረኛ ክፍል ታሪክ ነው። ሦስት ማዕዘን ስዬ ጫፎቹ ላይ አውሮፓ፣ አፍሪካ፣ አሜሪካ ብያለሁ። ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ በሚሄደው ቀስት ላይ «ጠመንጃ፣ ባሩድ፣ ጨርቅ፣ አረቄ»፤ ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ በሚሄደው ላይ «ሰው»፤ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ በሚመለሰው ላይ «ስኳር፣ ትምባሆ፣ ጥጥ»። በባሪያ ንግድ ዘመን መርከቦቹ የሚዞሩበት መንገድ ነው። ባዶ የሚሄዱበት ጉዞ አልነበረም።

መርማሪዬ የደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ ሰው ነበር፤ በአንዱም ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ቀስቱን በጥፍሩ ተከተለ።

«ጠመንጃው ከአውሮፓ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«በመርከብ ነበር፤ ድሮ» አልኩት። «ይሄ እኮ ታሪክ ነው።»

«ሁሉም ሲያዝ ታሪክ ነው ይላል።»

አሜሪካ የሚለው በቀይ ተከቧል። እኅቴ ሎስ አንጀለስ እንደምትኖር ደርሰውበታል። እኅቴ እዚያው አጠገብ፣ ግሌንዴል፣ በአንድ መጦሪያ ቤት የሽማግሌዎች ገላ የምታጥብ ሴት ናት። በእሱ ስሌት ግን ጥጥና ትምባሆ ለአውሮፓ ትልካለች፣ አውሮፓ ለእኔ ጠመንጃ ይልካል፣ እኔ ደግሞ ለእሷ ሰው እልክላታለሁ። አገር የሚጠብቅልን ይሄ ጭንቅላት ነበር። ናቅሁት፤ ፈራሁትም፣ እጁ ከአእምሮው ይፈጥን ነበርና።

የጠመንጃው ነገር አልያዝ ሲለው ወደ ዋናው ጉዳዩ መጣ። ያን ቀን ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ሻጩስ ማን ነበር?» ብሎኝ ነበር። እኔም በየባሕሩ ዳርቻ የነበሩ ሹማምንትና ነጋዴዎች የጎረቤታቸውን ልጅ በጠመንጃና በአረቄ ይለውጡ እንደነበር ነገርኳቸው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በዚያ ሰሞን የሰፈሩን ልጃገረዶች ወደ ዓረብ አገር የሚልከው ደላላ የወረዳችን ሹም የእኅት ልጅ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ሳቁ ሹሙ ጆሮ ደርሷል፤ የጠያቂው ስም ግን አልደረሰም።

«ስሙን ንገረኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ» አለኝ መርማሪው። «እስከ ነገ አስብበት።»

የታሰርንባት ክፍል ጠባብ ስለነበረች የምንተኛው በፈረቃ ነው፤ ቀንም ቢሆን። ግማሻችን በጎናችን ተደርድረን ስንተኛ ግማሻችን ግድግዳ ተደግፈን እንቆማለን። ብቻውን የሚገላበጥ የለም። የክፍሉ ሽማግሌ «ግራ» ሲሉ ሁላችንም ወደ ግራ፣ «ቀኝ» ሲሉ ወደ ቀኝ ነው። እኒህ ሽማግሌ በመርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። እንደተመለስኩ ምን እንደተጠየቅሁ ጠየቁኝ። ሦስት ማዕዘኑን በውኃ ወለሉ ላይ ስዬ አስረዳኋቸው። ከመርከቡ ወለል በታች እንደ መደርደሪያ ሳንቃ ተመትቶ ሰው በላዩ ይደረደር እንደነበር፣ ሁለት ሁለት ሆነው በእግር ብረት ይታሰሩ እንደነበር ነገርኳቸው።

«ፈረቃ ነበራቸው?» አለ ከቆሙት አንዱ።

«አልነበራቸውም።»

ጋሼ ግን ዓይናቸው ከመጀመሪያው ቀስት ላይ አልተነሣም።

«ጨርቅ በሰው ለወጡ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ሸጫለሁ። ሰው የሚያወጣ ጣቃ ግን አላየሁም።» ወደ እኔ ቀና አሉና «አንተን በስንት አሉህ?» አሉኝ።

«ዛሬውኑ ቤትህ ግባ ብለውኛል።»

«ርካሽ ነው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። «ግራ።»

በማግሥቱ መርማሪው ፊት ቀርቤ «የጠየቅሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«መምህር ራሱን ይጠይቃል?»

«እኛ ጋ ይጠይቃል። እናንተ ጋ አልተለመደ ይሆናል።»

መልሱን በግራ ጆሮዬ ተቀበልኩ፤ ጆሮው ዛሬም አይሰማም። ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት እስኪገባ እዚያው ቆየሁ። ስም ግን ከአፌ አልወጣም።

አሁን የምኖረው ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሃውቶርን ነው፤ እኅቴ ናት ያመጣችኝ። መንግሥቱ ሲገላበጥ ሎሌውም አብሮ ተገላበጠና፣ ባለፈው ቅዳሜ ከእኅቴ ጋር ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ምሳ ስንበላ አንድ የቤዝቦል ኮፍያ ያደረገ ሰው ሳንጋብዘው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«መምህር! ዳውንታውን ነው የምሠራው፣ ፓርኪንግ። ሶ... ሁላችንም ስደተኛ ሆንን አይደል? ያኔ እኮ ሥራ ነው። አሁን ቸርች እሄዳለሁ። ያለፈው አለፈ፣ ኦኬ?»

«ማነው?» አለችኝ እኅቴ።

«ጥጥና ትምባሆ ለአውሮፓ እንደምትልኪ የደረሰበት መርማሪ።»

«ኦ፣ እሱ ነው?» አለችና ሳህኗን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ሰውየው ሳቀ። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በናትህ፣ አሁንማ ንገረኝ። ያ ልጅ ማን ነበር? ጀስት ለማወቅ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሹሙ ወርዶ፣ ደሞዙ ቀርቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮም ያን ስም ይፈልጋል። በጣም ናቅሁት። ፍርሃቱ ግን ከውስጤ ጠፍቶ ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ያኔ ነው።

«የጠየቅሁት እኔ ነኝ አላልኩህም?» አልኩት። «እስካሁን የመለሰልኝ የለም። ሻጩስ ማን ነበር?»

የሚሰማውን ጆሮዬን አዞርኩለትና ጠበቅሁ። እጄ ላይ የነበረውን ጉርሻም መልሼ አስቀመጥኩ። ስልኩን አየ፣ በሩን አየ።

«ሚተር ላይ ነው ፓርክ ያደረግሁት፤ ሰዓቱ አልፎ የቅጣት ቲኬት እንዳይሰጡኝ» አለና ተነሣ።

እኛ ምሳችንን ጨረስን። ያ ተማሪ ዛሬ የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። ስሙን ግን እዚህም አልጽፈውም። ፌርፋክስ ላይ አማርኛ የሚያነብ ብዙ ነው።