የስደተኛው ፖለቲከኛ አስተርጓሚ
በጃንሆይ ዘመን በአደባባይ የሚነገረው በአማርኛ ነበርና፣ እኔ የነቀምቴው ተወላጅ ለአንድ የባሕር ማዶ ስደተኛ አስተርጓሚ ሆኜ ነበር። ሰውየው በአገሩ የፓርላማ አባል የነበረ፣ ስለ አገር ሀብትም መጻሕፍት የጻፈ ነው። እኛ ዘንድ መጥቶ ገበሬው የቡና ማኅበር እንዲያቋቁም በየገበያው ይመክራል። በአማርኛ መቶ ቃል ሲናገር ሰባውን ወደ ኦሮምኛ እመልሳለሁ፤ ሠላሳው ሰው ያስቀይማል ብዬ እተወዋለሁ። ስደተኛ ኦሮምኛ ከየት ያውቃል?

አርጆ ላይ አሥራ ሁለት ሽማግሌዎች ለማኅበሩ ሊፈርሙ ተሰበሰቡ። ከመፈረማቸው በፊት ትልቁ ሽማግሌ በኦሮምኛ ጠየቁ።

«ይህ ሰው ጉቦ በልቶ ከአገሩ ተባረረ ይባላል። እውነት ነው?»

ማኅበሩ ገና ሳይቆም ሊፈርስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ወደ ሰውየው ዞሬ፣ «መንገዱ እንዴት ነበር ይሉዎታል» አልኩት።

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ በጠራ ኦሮምኛ መለሰላቸው።

«ኤዬ፣ አባ ኮ፤ አዎ፣ አባቴ፣ እውነት ነው። በልቻለሁ፤ ተባርሬአለሁም። የማኅበሩ ሣጥን ቁልፍ በእናንተ እጅ ይሁን የምለው ለዚህ ነው።»

ሽማግሌው ለመፈረም አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነኩ። ለካ አማርኛዬንም ሰምተውት ኖሯል፤ በዚያው ጣት ወደ እኔ እያመለከቱ ሰውየውን ጠየቁት።

«ይሄኛውስ ከየት አገር ተባርሮ ነው የመጣው?»